በቱታ የደረስነው ለቅሶ

ቅዳሜ፤ ከጁባ መነሻ

ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃያ ሦስት ኪሎ ሆነ። ከዚያ ውስጥ የእኔ ልብስ አምስት ኪሎ ቢሞላ ነው፤ የቀረው ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ ነው። ቡታጅራ ላለው የድሮ መዘምራን ቡድኔ አዲስ ካባ ይሰፋበታል ብዬ የገዛሁት ነው። የአውሮፕላን ጣቢያው ሠራተኛ በጁባ ዓረብኛ "ሱቅ ልትከፍት ነው?" አለኝ። ሳቅሁና ሻንጣዬን ገፋሁለት። እውነቱን ልንገረው ብል አውሮፕላኑ ያመልጠኝ ነበር።

ለእናንተ ግን ጊዜ አለኝ። ጁባ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የአገሬ ሰው በከፈተው ሆቴል ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ኑሮዬ ከግንብ አጥር ውስጥ ነው፤ ከመሸ አይወጣም። ሐኪም "ስኳር ደጅህ ቆሟል፤ ተንቀሳቀስ" ካለኝ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሆቴሉን ግቢ አርባ ጊዜ እዞራለሁ። ዙሩን ዘበኞቹ ይቆጥሩልኛል፤ አንዳንዴ ሆን ብለው ያጭበረብሩኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ስምንት የምንሆን ሐበሾች ተሰብስበን በስልክ ከተቀዳ ኪቦርድ ጋር እንዘምራለን። ቅዳሜ ልብሴን አጥባለሁ። ይህን ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በሰው አገር ባዶ ቀን አይታመንም፤ ናፍቆት ቀዳዳ ይፈልጋል።

የቡታጅራው ቡድን በመጪው እሑድ የቀድሞ አባላቱን ጠርቶ አብሮ ሊዘምር መሆኑን ስሰማ የአሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ለአለቃዬ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ታደለ ነው።

ታደለና እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመታችን ጀምሮ ጎን ለጎን ቆመን ዘምረናል፤ እሱ ቴነር፣ እኔ ባስ። አባቱ ጋሽ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቡድኑን ያቋቋሙትም፣ ድምፃችንን እየለዩ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሞት እኔን ወስደው አሳደጉኝ። ቀን እማራለሁ፣ ማታ ሱቃቸው ውስጥ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እተኛለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ታመው አልጋ ሲይዙ ደወሉልኝና "መላኩ፣ ናና ዘምርልኝ" አሉኝ። "ለመስቀል እመጣለሁ" አልኳቸው። መስቀል አለፈ፤ ሥራ በዛብኝ። ኅዳር ላይ ሞቱ። ጁባ ያሉ ያገሬ ሰዎች ክፍሌ ድረስ መጥተው ሦስት ቀን አብረውኝ ለቅሶ ተቀመጡ። ለታደለም ደውዬ በስልክ ተላቀስን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ታደለ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዕቅዴ ይህ ነበር። ጨርቁን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሑድ ከታደለ ጎን ቆሜ እዘምራለሁ፣ አፋችንን አብረን ከከፈትን የቀረው ራሱ ይስተካከላል። ወንድሜን ላስመልስ ነበር የምሄደው።

እሑድ፤ በቡኢ በኩል

አዲስ አበባ አድሬ በጠዋት መናኸሪያ ገባሁ። ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና አገኘሁ። ረዳቱ ሻንጣዬን ወደ ጣሪያ ሊሰቅል ሲያነሳው "ይሄ ሻንጣ ሰው አለበት እንዴ?" ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨመረበት። ተከራክሬ ግማሹን ከፈልኩ፤ ሁለታችንም ያሸነፍን መሰለን።

ዓለም ገናን አልፈን መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ከጢያ በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ በስተቀኝ ተራራው እየቀረበ መጣ። ቡኢ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ሃያ ደቂቃ ሰጠን፤ የእሱ ሃያ አርባ አምስት ሆነ። መንገድ ዳር አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በዳጣ ትሸጣለች። አንዱን ጎረስኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"ከየት ነው የመጣኸው?" አለችኝ።

"ከጁባ።"

"እዚያ ዳጣ የለም?"

"አለ፤ ሐበሻ ይሠራዋል።"

"ታዲያ ምን አስለቀሰህ?"

"ናፍቆት ነው፣ እህቴ" አልኳት። እሷም አንድ ድንች መረቀችልኝ።

ከቡኢ ወዲያ የበርበሬ አገር ነው። ኅዳር ስለሆነ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። ቡታጅራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በግራ በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ የአፈር መንገድ አለ። የጋሽ ወልዴ ሚስት እማማ ዘነቡ የምትኖረው በዚያ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ወደ ገጠር ቤታቸው ተመልሳለች። መገንጠያው ላይ ስንደርስ አንገቴን ወደ ቀኝ አዞርኩ። "ከታደለ ጋር እሄዳለሁ" አልኩ ለራሴ። ደግሞም ለቅሶውን ጁባ ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር የማስበው። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ግን ፈርቻት ነው።

ሰኞ፤ ቡታጅራ

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከያዝኩት ፔንሲዮን ወጥቼ ኳስ ሜዳ ሄድኩ። በየቀኑ እዚያ የሚሰበሰብ የእግር ጉዞና የስፖርት ቡድን አለ። መሪው ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ነጭ ኮፍያቸውን የማያወልቁ። ከሱብሂ ሶላት በቀጥታ ይመጣሉ። የጋሽ ወልዴ ሱቅ ጎረቤት ስለነበሩ ከልጅነቴ ያውቁኛል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ መላኩ! ማሻ አላህ! ጁባ ላይ እህሉ በነጻ ነው እንዴ? ሆድህን ብቻህን ተሸክመህ መጣህ?"

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ ሐጂ። አርባ ዙር እየዞርኩም እንዲህ ነው።"

"ትዞራለህ እንጂ አትሄድም። ና፣ ሰልፍ ግባ!"

ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ነን። በርበሬ ነጋዴዎች፣ ሁለት ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ የደም ግፊት ያለባቸው ሴቶች። ሐጂ ፊሽካ እየነፉ "አንድ! ሁለት! ትንፋሽ አውጣ!" ይላሉ፤ የማያወጣ ካለ አጠገቡ ሄደው ይቆማሉ። ሜዳውን ስድስት ጊዜ ዞርን። ላብ አጠመቀኝ። አጥር የሌለበት ቦታ ላይ ስሄድ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግሬ መታጠፊያ እየፈለገ ያስቸግረኝ ነበር። የጸሐይ ብርሃን ዘቢዳር ተራራ ጫፍ ላይ ሲያርፍ እያየሁ ይህ ሁሉ ጠዋት ያለ እኔ ይነጋ እንደነበር አስቤ ቀናሁ። አዎ፣ በጠዋቱ ላይ ቀናሁ።

በመጨረሻው ዙር ሐጂ አጠገቤ መጡና "ዘነቡን አየሃት?" አሉኝ።

"ከታደለ ጋር እሄዳለሁ፣ ሐጂ።"

ፊሽካቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ "ትንፋሽ አውጣ" ብለው ወደ ፊት አለፉ።

በዚያው ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ጨርቄን ተሸክሜ ለመዝሙር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄድኩ። የአሁኗ መሪ ሜሮን የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ጨርቁን ተቀብላ አመሰገነችኝና በግድግዳው በኩል ያለች አንዲት አግዳሚ ወንበር አሳየችኝ።

"ጋሽ መላኩ፣ እዚያ ይቀመጡ።"

"ባሶቹ ወዲህ አይደሉም እንዴ?"

"ከሦስት ወር በላይ የቀረ ሰው አራት ልምምድ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይቆማል። እኛ ዜማውን ቀይረነው ይሆናል፤ እርስዎም ተቀይረው ይሆናል።"

"እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ነው የቀረሁት!"

"ለዚያውም አራት ብቻ ነው ያልንዎት" አለችና ሁሉም ሳቁ። ሕጉን ማን እንዳወጣው ስጠይቅ ጋሽ ወልዴ ናቸው አለች። ምን እላለሁ? ተቀመጥኩ። ታደለም አልነበረም። ወልቂጤ አስተማሪ ነው፤ እዚያ ያቋቋመው የአማተር ቴአትር ክበብ ሐሙስ ትርኢት ስላለው የሚመጣው ቅዳሜ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ድረስ መጠበቅ አልሆነልኝም።

ማክሰኞ፤ በአረቅጥ ወደ ወልቂጤ

ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመሄድ ተራራውን መሻገር አለ። መኪናው እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። አረቅጥ ስንደርስ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ሻይ ጠጥቼ እጄን በብርጭቆው አሞቅሁ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ መሀል ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ይታያል፤ ግራና ቀኙ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም፤ የሁሉም ነው። አንድ ሽማግሌ በመሀሉ ቀስ ብለው ሲሄዱ ከመስኮት አየሁና መኪናውን አስቁሜ አብሬያቸው ልሄድ ዳዳኝ።

ወልቂጤ በስምንት ሰዓት ገባሁ። በባጃጅ ወደ ታደለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ አማተሮች ይለማመዳሉ፤ ታደለ ወረቀት ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል። አየኝ። ወረደ። ሲመጣ ክንዴን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን እጁን ለሰላምታ ሰጠኝ።

"ወንድም መላኩ፣ እንኳን ደህና መጣህ።"

ለእንግዳ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። በዘመናችን እኔና እሱ "ወንድም" የምንባባለው መጋቢው ፊት ብቻ ነበር። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ምሳ ጋበዘኝ። ጥሩ ክትፎ ከቆጮ ጋር ቀረበ፤ ግማሹን ተውኩት። ስለ አባቱ ላነሳ ስል "ቴአትሩ አንድ ሰው ጎድሎበታል" አለ። "ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ፣ የማይናገር። ታሞብን ነው። ትቀመጥልናለህ?"

"እቀመጣለሁ" አልኩ ዘልዬ። አጠገቡ የሚያቆየኝ ነገር እስከሆነ ድረስ ዛፍ ሁን ቢለኝም እሆን ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ፤ መድረክ ላይ

ቴአትሩን ታደለ ራሱ ነው የጻፈው። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተጣልተው ሳለ አባታቸው ይሞታል፤ በሦስተኛው ትዕይንት ድንኳኑ ውስጥ ይገናኛሉ። የእኔ ድርሻ ጋቢ ለብሼ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ነው። ረቡዕ ስንለማመድ ታደለ "ጎንበስ በል፤ ለቅሶ ላይ እንጂ አውሮፕላን ላይ አይደለህም" ብሎ ሲያርመኝ ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ይዤ አደርኩ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፤ ወንበር ያጣው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ትዕይንት ደረሰ። ትልቁን ወንድም የሚጫወተው ወጣት "አባዬ፣ ድምፅህን ሳልሰማ!" ብሎ ገባ። "ናና ዘምርልኝ" ያሉኝ የጋሽ ወልዴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ማልቀስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም ብዬ፣ ከዚያ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ። ወጣቱ ቃሉን ረሳ። ሕዝቡ ግን የቴአትሩ አካል መስሎት ጸጥ አለ፤ አንዲት እናት አብራኝ አለቀሰች። መጋረጃው ሲዘጋ አጨበጨቡ። ስማችን ሲጠራ ከተዋናዮቹ ሁሉ ጭብጨባው ለእኔ በዛ።

ከመድረኩ ጀርባ ታደለ ጠበቀኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

"አጨበጨቡልህ አይደል?" አለኝ።

"ታደለ፣ ሆነ ብዬ አይደለም። ጋሽ ወልዴ ትዝ ብለውኝ ነው።"

"አውቃለሁ። እሱ ነው ያበሳጨኝ። እናቴን ፊቷን ሳታያት፣ ደጃችንን ሳትረግጥ፣ አባቴን እዚህ መድረክ ላይ ታለቅሰዋለህ? ቤቱን ረሳኸው?"

"ጁባ ሦስት ቀን ተቀምጬላቸዋለሁ" አልኩ።

"ጁባ አልተቀበረም" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "በስልክ ያለቀስከውን የሰማሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሰማችም። ሰው በመጣ ቁጥር 'መላኩ ነው?' ትላለች። ስልክህን የማላነሳው ለምን መሰለህ? ካነሳሁልህ የመጣህ ይመስልሃል።"

 በሰው አገር ሆኜ ለቅሶ ሳይደርሱ ደስታ ውስጥ እንደማይገባ ለፈረንጅ ሳይቀር ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ራሴ ግን በመጀመሪያው ቀን ልምምድ፣ በአራተኛው ቀን ቴአትር ውስጥ ተገኘሁ፤ ያውም ካባ የሚሰፋበት ጨርቅ ተሸክሜ። አፈርኩ። ዓርብ በማለዳ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ፤ አረቅጥ ላይ ሻይም አልጠጣሁ።

ቅዳሜ፤ የሐጂ ነስሩ ሰልፍ

ጠዋት ኳስ ሜዳ የሄድኩት ለስፖርቱ አልነበረም። ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብቻዬን ልሄድ እንደሆነ፣ ግን እግሬ እምቢ እንዳለኝም ነገርኳቸው። ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ።

"ብቻህን? ለቅሶ ብቻውን የሚሄድ ማን አለ? ወላሂ፣ የወልዴን ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ። ያኔም ከዚህ ሰብስቤ ነው ይዣቸው የሄድኩት።" ወደ ቡድኑ ዞሩ። "ጀማው፣ ዛሬ ጉዟችን ወደ ዘነቡ ቤት ነው!"

"ሐጂ፣ ቢያንስ ልብስ ልቀይር፤ በቱታ እንዴት ይሆናል?"

"አንተ ልብስ ስትቀይር ነው ሁለት ዓመት የሄደው። ቀጥል!"

አሥራ ሁለት ሆነን በአስፋልቱ ዳር ወጣን፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ቱታ። ሴቶቹ ከቦርሳቸው ነጠላ አውጥተው በቱታው ላይ አጣፉ። ባጃጆች ክላክስ እያደረጉ "የት ነው ውድድሩ?" ይሉናል። ሐጂ እስከ መገንጠያው ድረስ "አንድ! ሁለት!" ይሉ ነበር። የአፈሩን መንገድ ስንይዝ ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄደን ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ ታየ።

ደጁ ላይ ደርሰው ሁሉም እኔን ጠበቁ። ቀድሞ የሚጮኸው የቅርብ ሰው ነው። እኔ ግን ቆምኩ። ሐጂ ክንዴን ይዘው "ጥራው" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አባቴ!" አልኩ። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ "ጋሽ ወልዴ" ነበር። አንዴ ከወጣልኝ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ። "አባቴ! አባቴ! ቀረሁብህ!"

ጎረቤት ከየቤቱ እየሮጠ ወጣ። አንድ ሰው ሐጂን "ማን ሞተ?" አላቸው።

"ወልዴ።"

"ወልዴማ ሁለት ዓመቱ!"

"ለዚህ ልጅ ዛሬ ነው የሞተው" አሉት ሐጂ።

እማማ ዘነቡ በሩን ይዛ ወጣች። በጣም አንሳለች። ያን ታደለ የነገረኝን ጥያቄ እኔም በጆሮዬ ሰማሁት፤ "መላኩ ነው?" እግሯ ላይ ወደቅሁ። አንስታ አቀፈችኝና አብራኝ አለቀሰች። ነርሷም፣ አስተማሪዎቹም፣ ሐጂም አለቀሱ። ከዚያ ገብተን በአግዳሚና በሰሌን ላይ ተቀመጥን። "ጌታ ያጽናሽ"፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" ተባለ። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ ዘግይቼ መጣሁ አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ። "ያኔ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ውሃው ሳስብ እኔ መች አለቀስኩ? ከዚያ በኋላ ስሙን የሚጠራልኝ ጠፋ። ሰው ሁሉ ታስታውሳለች ብሎ ይፈራል። እሱን እኮ ረስቼው አላውቅም! ዛሬ እንደገና ተጠራልኝ። ደህና አድርገህ ዘገየህ፣ ልጄ።"

ቆሎ አዞረችልን። እንግዶቿን አንድ በአንድ አየቻቸውና "ይሄ የለበሳችሁት ምንድን ነው?" አለች።

"የስፖርት ልብስ ነው፣ ዘነቡ" አሉ ሐጂ።

"ወልዴ ቢያያችሁ ይስቅ ነበር። ስፌቱ አያምርም።" ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ዘምርልኝ ብሎህ ነበር አይደል? ለእኔ ዘምርልኝ።"

ጋሽ ወልዴ ራሳቸው የደረሱት አንድ መዝሙር አለ። ተነስቼ ጀመርኩ። አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ባስ የዘመረ ሰው የሚያውቀው ባሱን ብቻ ነው። ዜማውን የሚይዘው ቴነሩ ነው፤ ባሱ ከሥር ሁለት ሦስት ድምፅ ላይ እየተመላለሰ ያጉረመርማል። ብቻውን ሲሰማ ቤት የሌለው መሠረት ነው። እማማ ዘነቡ አንደኛውን ስንኝ ታግሣ ሰማችኝ።

"ይሄ ነው እንዴ?" አለች። "ሌላ ይመስለኝ ነበር።"

ወደ ዜማው ልወጣ ብሞክር ድምፄ ተሰነጠቀ። አንዱ ነጋዴ ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ። እምቢ ብዬ ባሱን ከሁለተኛው ስንኝ ቀጠልኩ፤ ቃል ገብቼ ስለነበር እንደምንም ልጨርሰው ነበር። ያኔ ከበሩ በኩል ዜማው ገባ። ታደለ ነው። ከወልቂጤ መምጣቱ ነው፤ ቦርሳው ትከሻው ላይ እንዳለ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ፣ እኔን ሳያይ እናቱን እያየ ዘመረ። ከሥሩ ገባሁ። መዝሙሩ መዝሙር ሆነ። እማማ ዘነቡ "አዎ፣ ይሄ ነው" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ስንጨርስ ታደለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከቆሎው ዘገነ። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

"ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኮልክ" አለኝ። "ድሮም ትቸኩላለህ።"

ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው የወንድሜ ንግግር ይህ ነው።

እሑድ

ሜሮን ሕጓን አልለወጠችም። ታደለ ቢለምንልኝም "አንድ ልምምድ ብቻ ነው የተቀመጡት፤ ሦስት ይቀራቸዋል" አለች። ልክ ናት። የቀድሞ አባላት ወጥተው ሲቆሙ እኔ ከእማማ ዘነቡ ጎን ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥኩ። ታደለ በቦታው ቆሟል፤ በግራው ያለው ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አይቸኩልም። ደስ ብሎኝ ሰማሁ፤ ታደለ ግን ናፈቀኝ። ዐሥር ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ የሚናፈቅ ሰው እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ። እማማ ዘነቡ ጉልበቴ በዜማው ልክ ሲንቀሳቀስ አይታ እጇን ጫነችበት፤ እስኪያልቅ አላነሳችውም።

ሰኞና ማክሰኞ፤ መመለሻ

ሰኞ ጠዋት ታደለ እናቱን ይዞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሐጂ ነስሩ ለጁባ ሐበሾች የሚሆን በርበሬ በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ፤ ይዤ የመጣሁትን ጨርቅ ያህል ይከብዳል። ታደለ አቀፈኝ፤ ስደውል እንደሚያነሳ ሳልጠይቀው ነገረኝ። "ግን በመደወል እንዳታታልለኝ" አለ። እማማ ዘነቡ በመስኮቱ በኩል ጭንቅላቴን ይዛ ሳመችኝ።

"ስማኝ" አለችኝ። "ለእኔ ለቅሶ እንዳትመጣ። እኔ እያለሁ ና።"

መኪናው ተነሳ። ቡኢ እስክንደርስ ቀና አላልኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጁባ ገባሁ። ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ዘበኞቹም "አርባ!" እያሉ ሰላም አሉኝ። ክፍሌ ውስጥ የለጠፍኩትን ፕሮግራም አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ቀኖቼን ስሞላ የኖርኩት ሰዎቼን እንዳላስብ ነበር። ለካ ስልክ ድምፅ ያደርሳል እንጂ ሰው አያደርስም። በእነዚህ ዓመታት በስልክ ያለቀስኩላቸውን ቤቶች በልቤ ቆጠርኩ፤ ብዙ ናቸው። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ቆጠርኩ፤ እነሱ ይበልጣሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሻንጣዬን ሳልፈታ አለቃዬ ቢሮ ሄጄ የሚቀጥለውን ፈቃዴን ከአሁኑ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት።

"ዛሬ መግባትህ አይደለም እንዴ?" አለኝ ደንግጦ። "ምነው፣ ማን ሞተብህ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩት። "ለዚህ ነው የምሄደው።"